የስንት ፈረስ ሞተር ይበቃናል?

አንድ ሰው ነበር።

ጣና ዳር ካሉት ትንንሽ ከተሞች በአንዷ የሚኖር፣ ወፍጮ ቤት ያለው፣ ከጠዋት እስከ ማታ ቅንድቡ ዱቄት የለበሰ ሰው። ልጆቹ «አባዬ ሳያረጅ ሸበተ» እያሉ ይስቁበታል። ታዲያ ይህ ሰው አንድ ቀን ጀልባ ገዛ።

ጀልባ ስላችሁ ታንኳ እንዳይመስላችሁ! ከሥሩ ሦስት ረጃጅም የአሉሚኒየም ቱቦ፣ ከላዩ እንደ ሳሎን የተዘረጋ ጠፍጣፋ ወለል፣ ዙሪያውን አጥር፣ ፊት ለፊት በር፣ ዳርና ዳር ሶፋ፣ ከላይ የሸራ ጥላ። ፖንቱን ጀልባ ይሉታል። ሲሳፈሩበት ቤት የመግባት ያህል ነው። ሽማግሌውም ሕፃኑም ሳይዘል ሳይንጠላጠል ይገባል። ቤተሰብን ይዞ ውኃ ለመሻገር የተሠራ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ጎደለው። ሞተሩ! ከኋላ የሚታሰረው ሞተር አብሮ አልተሸጠም። ሞተር የሌለው ጀልባ ደግሞ ምንድን ነው? እስቲ ንገሩኝ። በረንዳ ነው! ውኃ ላይ የቆመ በረንዳ። ሶፋው ላይ ቁጭ ብለህ አላፊ አግዳሚውን ማየት ትችላለህ፤ የትም ግን አትደርስም።

እንየው ይባላል ሰውየው። ጀልባውን የገዛው ለሽርሽር አይደለም። እናቱ እማማ ደጊቱ የሚኖሩት ሐይቁ መካከል ካለች ደሴት ላይ ነው። ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከደሴቷ ወጥተው አያውቁም። ልጆቻቸው ግን ሁሉም ከተማ ናቸው። እንዴት ነው የሚጠይቋቸው? ተራ በተራ ነዋ! ዛሬ እንየው በታንኳ ይሄዳል፣ ሌላ ጊዜ እህቱ ትሄዳለች፣ ከዚያ ወንድሙ። ታንኳ ስንቱን ይይዛል?

ባለፈው ገና እንየው ሲሄድ እናቱ እጁን ይዘው አልለቅ አሉት።

«ልጄ፣ ተራ በተራ መምጣታችሁን አልጠላሁትም። እግዜር ይስጣችሁ። ግን ዓይኔ እየደከመ ነው። አሁንም አንተን የማይህ እንደ ጭጋግ ነው። ጨርሶ ሳይጠፋብኝ ሁላችሁንም ባንድ ቀን ባንድ ማዕድ ዙሪያ ልያችሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ሁላችሁንም!»

እንየው ምን አለ? «እማዬ፣ በዳግማይ ትንሣኤ ሁላችንም እዚህ ነን» አለ። ማለ። ሲመለስ እንባው እየወረደ ነበር። ያጠራቀመውን ሁሉ አውጥቶ ጀልባውን የገዛው ለዚህ ነው።

አሁን ነገሩ ገባችሁ? ከገና እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ጊዜ አለ፤ የእናትየው ዓይን ግን ቀን በቀን ይደክማል። የሚቀረው ሞተር መምረጥ ብቻ ነው። ሞተር መምረጥ ደግሞ ምን ከባድ ነገር አለው?

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ነው የሰው ልጅ የሚታወቀው!

ጀልባዋ ዳር ላይ ታስራ እያለች የከተማው ሰው ሁሉ ሊያያት መጣ። መምጣቱ ባልከፋ። ዝም ብሎ አያይም እኮ! ሞተር ጠግኖ የማያውቅ፣ ዋና የማይችል፣ ሐይቁን ከዳር ሆኖ ብቻ የሚያውቅ ሰው ሁሉ መካሪ ሆነ። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ «የስንት ፈረስ ጉልበት ሞተር ልታስርለት ነው?»

ከሁሉም የባሰው የሚስቱ ወንድም አንሙት ነው። አንሙት ጥሩ ልጅ ነው፤ ልቡም ቀና ነው። ምላሱ ግን ልጓም የለውም።

«ጋሼ እንየው፣ ባለ መቶ ሃምሳ ፈረስ ካልሆነ ዋጋ የለውም! አንዴ ስትነካው አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀስራ ትነሣለች። ውኃው ሁለት ቦታ ይሰነጠቃል። ዳር የቆመ ሰው ሁሉ ‹ይሄ ማነው?› ይላል። ያን ጊዜ ባለወፍጮው እንየው ነው ይባላል!»

እንየውም ሰው ነውና ጆሮውን ሰጠ። ማታ ማታ ራት እየበላ ዓይኑ ፈዞ ይቀራል። ሚስቱ ይታይሽ ታየዋለች። ይታይሽ ማለት ጥቂት የምትናገር፣ ስትናገር ግን የምታስቀምጥህ ሴት ናት።

«ምን ሆነሃል?»

«መቶ ሃምሳ ፈረስ ሞተር ላስርለት ነው።»

«ይሄ ሁሉ ፈረስ ምን ሊበላ ነው?»

«አንቺ ደግሞ! ጉልበቱ ነው እንጂ ፈረስ የለውም። ትንሽ ሞተር ባስርለት ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው? ሰው አብሮን ይሳፈራል?»

ሰማችሁ ጥያቄዋን? ሰው አብሮን ይሳፈራል ወይ? እንየው ግን ተነሥቶ ወጣ።

በማግሥቱ የጀልባ ነገር የሚያውቅ ሰው ጠይቆ ከኋላ፣ ሞተር የሚታሰርበት ቦታ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ቆርቆሮ አስነበበ። ከመቶ ፈረስ ጉልበት በላይ እንዳይታሰርበት ትላለች። ከዚያ በላይ ከታሰረ ኋላዋ ይከብዳል፣ ስትታጠፍ ልትገለበጥ ትችላለች፣ ብረቱም አይችለውም። ከአሥራ አምስት ሰው በላይም እንዳይጫንባት ትላለች። አለቀ! የአንሙት መቶ ሃምሳ ፈረስ እዚያው ሞተ።

እንየው ተበሳጨ። ሰው ሲበሳጭ ደግሞ ምን ያደርጋል? ከአንዱ ጠርዝ ዘሎ ሌላው ጠርዝ ላይ ይወድቃል። ከሚያጨሰው ወንድሜ አንስቶ ጾም እስከምታበዛዋ እህቴ ድረስ ሁላችንም ይህችን እናውቃታለን።

«እንግዲያው ትንሹን እገዛለሁ!» አለ። «እኔ ልታይ ልታይ የምል ሰው ነኝ እንዴ? ነዳጅ የማይበላ፣ የማይጮህ፣ ትሑት ሞተር እገዛለሁ!»

ትሑት ሞተር! ኩራቱ ሲከለከል ትሕትና ብሎ ስም አወጣለት። እስቲ አትሳቁ፤ እኛም እንዲሁ ነን።

ወደ ትልቁ ከተማ ሄዶ ሞተር ሻጩ ፊት ቆመ። ሻጩ ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር ሰጠው፣ ውኃ አመጣለት፣ ከዚያም ጠየቀው።

«ስንት ሰው ነው የሚጭኑበት?»

«ቤተሰቤን ብቻ።»

«ቤተሰብዎ ስንት ነው?»

«ስድስት ነን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ አራት ልጆች።»

ሻጩ አሰበና «ለስድስት ሰው፣ ለሽርሽር ያህል ከሆነ፣ ባለ ሃያ አምስቱ ያንቀሳቅስዎታል» አለው። እንየው ጭኖት መጣ።

የመጀመሪያው ጉዞ ጠዋት ነበር። ጣና እንደ ተነጠፈ አንሶላ ተኝቷል። እንየውና ይታይሽ ከአራት ልጆቻቸው ጋር ተሳፈሩ፤ ጀልባዋም ቀስ ብላ፣ ደስ እያለች ሄደች። እንየው አንጎራጎረ። ልጆቹ ውኃውን እየነኩ ሳቁ። ሰውየው በሕይወቱ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። ሞተሩን መታ መታ እያደረገ «አየሽ ይታይሽ፣ ምን ጎደለን?» አለ።

ሲመለሱ ዳር ላይ ማን ቆሟል? ታላቅ እህቱ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር። ታናሽ ወንድሙ ከሚስቱ ጋር። አክስቱ ወይዘሮ ብርቄ፣ ድምፃቸውም ሰውነታቸውም ትልቅ የሆነው። አንሙት። ሁሉም ቆመው ያጨበጭባሉ።

«ታዲያ እኛ መቼ ነው የምንሳፈረው?» አለች እህቱ።

እንየው ሞተሩን አየ። እነሱን አየ።

«እናንተን በሁለተኛ ዙር እወስዳችኋለሁ» አለ።

ሁለተኛ ዙር! ይህን ቃል ያዙልኝ ወገኖቼ። ስንት ሰው ነው በዚህ ቃል ዳር ላይ የቀረው!

ቤት ሲገቡ ይታይሽ ነጠላዋን አወለቀችና ባሏ ፊት ተቀመጠች።

«እማማ ምን ነበር ያሉህ? ቃላቸውን ድገምልኝ።»

«ሁላችሁንም ባንድ ቀን ልያችሁ አሉ።»

«ስድስታችሁን አላሉም?»

«አላሉም።»

«ግማሻችሁን ጠዋት፣ ግማሻችሁን በሁለተኛ ዙር አላሉም?»

«አላሉም አልኩሽ እኮ!»

«ታዲያ ሻጩ ‹ቤተሰብህ ስንት ነው› ሲልህ ስድስት ያልከው የማንን ቤተሰብ ቆጥረህ ነው?»

እናንተስ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር? በኛ አገር ቤተሰብ ሲባል በር ዘግቶ የሚያድረው ብቻ ነው እንዴ? ስንታመም የሚያስታምመን፣ ስንሞት የሚቀብረን፣ ስንደሰት ሳይጠራ የሚመጣው ማነው? ለቅሶ ሲሆን ቤተሰብ መቶ ነው፤ ጀልባ ሲሆን ስድስት! እንዴት ነው ነገሩ?

እንየው ግን ግትር ነው። «ሁላችንንም ይችላል፤ እሞክረዋለሁ» አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አሥራ ሦስቱን ጠራ፣ ራሱ አሥራ አራተኛ ሆኖ ተሳፈሩ። ቁጥሩ ከተፈቀደው አላለፈም። ጀልባዋ ትችላለች። ሞተሩስ?

ጣናን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል። ያ የተነጠፈ አንሶላ ይታጠፋል፣ ይጨማደዳል፣ ማዕበል ይሆናል። እንየው ሞተሩን እስከ መጨረሻው ከፈተው። ጮኸ! እንደዚያ ሲጮህ ሰምታችሁ አታውቁም። ጭሱ ተነሣ፤ ጀልባዋ ግን ቆማለች። እንዲያውም ቀስ እያለች ወደ ኋላ፣ ውኃው ዳር ወደበቀለው ደንገል ትንሸራተታለች።

በዚህ መሃል አንድ ሰው የማገዶ እንጨት የጫነ የደንገል ታንኳውን እየቀዘፈ ከጎናቸው ደረሰ።

«እንደምን ዋላችሁ!» አላቸው። «ምነው ቆማችሁ? ዓሣ እያጠመዳችሁ ነው?»

እንየው በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ምን ብሎ ቢመልስ ጥሩ ነው? «እየሄድን ነው!»

ታንኳው አለፋቸው። እንጨት ጭኖ አለፋቸው! ሰውየው ዞሮ ዞሮ እያያቸው ሄደ። አክስት ብርቄ በሳቅ ሶፋው ላይ ተንከባለሉ። አንሙት እንኳ ምላሱን ዋጠ። በመጨረሻ ነፋሱ ደንገሉ ላይ ጣላቸው፤ ወንዶቹ ወርደው እየገፉ ዳር አደረሷት።

ሌላው ሰው እየሳቀ ወደ ቤቱ ሄደ። እንየው ግን አልሳቀም። ዳር ላይ ቁጭ ብሎ ደሴቷን አየ። ከሩቅ ትታያለች፤ ጥቁር ነጥብ ሆና። እናቱ እዚያ ናቸው። እናቱ እየጠበቁ ነው። ፋሲካ ደርሷል፤ ጀልባ አለው፣ ሞተር አለው፣ እናቱ ዘንድ ግን ቤተሰቡን ማድረስ አይችልም። «ዓይኗ ይጠፋል፤ እኔም ዕድሜ ልኬን ይቆጨኛል» አለ። አለቀሰ። ትልቅ ሰው ነው፤ አለቀሰ።

ይታይሽ መጥታ ከጎኑ ተቀመጠች። ጠየቀችው።

«አንተ ሰው፣ ወፍጮህ ላይ በቆሎ መፍጨት የማይችል ሞተር ትሰቅላለህ?»

«አልሰቅልም።»

«ከተማውን የሚያስደነግጥ፣ ቤቱን የሚያፈርስ ሞተርስ?»

«እሱንም አልሰቅልም።»

«ታዲያ የወፍጮህን ሞተር በምን ለክተህ ነው የምትመርጠው?»

«በሚፈጨው እህል።»

ይህን ብሎ ብድግ አለ። ፊቱ ተለወጠ። የሚያውቀው ነገር እኮ ነው! በየቀኑ የሚሠራው ነገር ነው። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ የሚያውቀውን ጀልባው ላይ ረሳው። ለምን ረሳው? መጀመሪያ ዳር የቆመውን ሰው ሲለካ ነበር፤ ቀጥሎ ራሱን ሲለካ ነበር። የሚጫነውን ለክቶ አያውቅም።

እሁድ ከጸሎት መልስ ቤተሰቡን ሁሉ ወፍጮ ቤት ጠራ። የእህሉን ሚዛን አወጣ። «በሉ አንድ በአንድ ውጡበት!» አለ።

ሳቅ እንዳትሉኝ! ሕፃናቱ እየተሻሙ ወጡ። ወንድሙ ወጣ፣ እህቱ ወጣች። አክስት ብርቄ ተራቸው ሲደርስ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆሙ።

«እኔ ልመዘን? እኔ ጤፍ ነኝ? ደግሞስ ምን ዓይነት ጤፍ ልትሉኝ ነው፣ ነጭ ወይስ ቀይ?»

«ሰርገኛ ነዎት አክስቴ» አለች ይታይሽ። ሰርገኛ ማለት ነጩና ቀዩ የተቀላቀለበት ነው።

«አንቺን ብሎ ምራት!» አሉና እየሳቁ ወጡ። ሚዛኑ ተርገበገበ። የመዘነውን እኔ አልነግራችሁም፤ እሳቸውም ይቆጡኛል።

ከሰዎቹ በኋላ የሚወሰደው ተመዘነ። ድፎው፣ ዱቄቱ፣ በጉ፣ የነዳጁ ጀሪካን፣ ለእማማ የተገዛው ፍራሽ። እንየው ደመረና በጣቱ አየሩ ላይ ጻፈ። ቤተሰቡ ከነጓዙ አሥር ኩንታል ገደማ ሆነ። «አሥር ኩንታል ቤተሰብ አለኝ ለካ!» አለ። ደስ አለው። ሰው ቤተሰቡ ከባድ መሆኑ ደስ ሲለው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ ደስ አለው።

ሞተሩን ጭኖ ወደ ሻጩ ተመለሰ።

«አልሆነም?» አለው ሻጩ።

«ሞተሩ ምንም አላጠፋም። እኔ ነኝ ቤተሰቤን መቁጠር ያልቻልኩት። ስድስት አልኩህ፤ አሥራ አራት ነን። ጓዛችን ተጨምሮ አሥር ኩንታል እንሆናለን። ደሴቷ ሩቅ ናት። ከሰዓት ነፋስ አለ፤ ወደ ደሴቷ ስንሄድ ነፋሱን ፊት ለፊት ነው የምናገኘው።»

«እንዲህ ይንገሩኝ እንጂ!» አለ ሻጩ። «ሌላም ነገር አለ። የሞተር ጉልበት የሚለካው ውቅያኖስ ዳር፣ ዝቅ ያለ አገር ላይ ነው። እኛ ከፍታ ላይ ነን፤ አየሩ ስስ ነው። ሞተርም እንደ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። ስለዚህ ልክ የሚበቃዎትን ሳይሆን ትንሽ ከፍ ያለውን ይውሰዱ። ጀልባዋ የምትችለው እስከ ስንት ነው?»

«እስከ መቶ።»

«እንግዲያው ባለ ዘጠናው ነው የእርስዎ። ከተፈቀደው አያልፍም፣ ከሚያስፈልግዎትም አያንስም። ሁልጊዜ እስከ መጨረሻው ከፍተው አያስጮኹትም፤ ለክፉ ቀን የሚሆን ጉልበት ይተርፈዋል።»

ትንሹን መልሶ ትልቁን ወሰደ። አንሙት ሲያየው «መቶ ሃምሳ አይደለም እንዴ?» አለ። እንየው ትከሻውን መታ አደረገው። «አንተንም መዝኜ ነው የገዛሁት» አለው።

ዳግማይ ትንሣኤ ደረሰ!

አሥራ አራቱም ነጭ ለብሰው ተሳፈሩ። በጉም ተሳፈረ። ዳር የቆመው ሰው እጁን አወዛወዘ። እንየው ሞተሩን አስነሣ፤ ድምፁ ጎርነን ያለ፣ የረጋ ነው። ጀልባዋ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ቀጥ ብላ ሄደች። ውኃውን እየከፈለች ሄደች! እንየው ግን አሁን ዳር ላይ ማን እያየው እንደሆነ ዞሮ እንኳ አላየም።

ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርሱ ምን ሆነ? ነፋሱ ጊዜውን ሳይጠብቅ ጠዋት መጣ። ሰማዩ ጠቆረ። ማዕበሉ ተነሥቶ የፊቱን በር መታው። ልጆች ተንጫጩ። አክስት ብርቄ «ወይኔ እመቤቴ! ወይኔ እመቤቴ!» እያሉ በጉን አቀፉት። እህቱ ጮኸች፤ «እንየው፣ እንመለስ! በኋላ እንመጣለን!»

እንየው የያኔው ቅዳሜ ትዝ አለው። ያ ጩኸት፣ ያ ጭስ፣ ያ ወደ ኋላ መንሸራተት። ቀና ብሎ ግን ደሴቷን አየ። ደሴቷ ቀርባለች። ዛፎቿ ይለያሉ።

«ቁጭ በሉ! ተያያዙ!» አለ። ጋዙን ጨመረ።

ያ ሞተር፣ ወገኖቼ፣ ያ ሞተር አጉረመረመና ገፋ! ገና ጉልበት አለው! ጀልባዋ ማዕበሉ ላይ ወጣች፣ ወረደች፣ ወጣች፤ ወደ ፊት ሄደች። ወደ ኋላ የሚል ነገር የለም! አንሙት ተነሥቶ «ይሄዳል! ጋሼ፣ ይሄዳል!» ብሎ ጮኸ። ይታይሽ እልል አለች። ሴቶቹ ተቀበሏት። በማዕበል መሃል እልልታ! ነፋሱ ይጮሃል፣ እነሱም ይጮሃሉ፤ የነሱ በለጠ።

ደሴቷ ላይ እማማ ደጊቱን ጎረቤቶቻቸው ተሸክመው ዛፍ ጥላ ሥር፣ ባለ ሦስት እግር ዱካ ላይ አስቀምጠዋቸዋል። ከጠዋት ጀምሮ ወደ ውኃው ያያሉ። ጭጋግ ነው የሚታያቸው፤ እልልታውን ግን ሰሙ።

ጀልባዋ ዳር ነካች። በሩ ተከፈተ። አንድ በአንድ ወረዱ። እማማ እያንዳንዱን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ዓይናቸው ያስጠጋሉ፤ በጣም ያስጠጋሉ። ያዩታል፣ ይስሙታል፣ ስሙን ይጠራሉ። የልጅ ልጆቹን፣ እህታቸውን ብርቄን፣ ምራታቸውን፣ አንሙትን ሳይቀር። መጨረሻ ላይ እንየው ቀረ። እሱንም አዩት።

«ሁላችሁም?» አሉት።

እንየው አንገቱን ነቀነቀ። «ሁላችንም እማዬ» አለ።

«ተመስገን! ተመስገን! ተመስገን አምላኬ! በምን መጣችሁ ልጆቼ፣ በዚህ ነፋስ?»

አንሙት ደረቱን ነፍቶ መለሰ፤ «በዘጠና ፈረስ ነው የመጣነው እማማ!»

«በዘጠና ፈረስ?» እማማ ደነገጡ። ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞሩ። «ኧረ ሰዎች! ዘጠና ፈረስ የት ነው የምናስረው? ለዚህ ሁሉ የሚሆን ሣር ከየት ይመጣል?»

ደሴቷ በሳቅ ተናወጠች። እማማም ሲነገራቸው ሳቁ፣ ሳቁ፣ ዳሌያቸው እስኪያማቸው ሳቁ። በዚያ ቀን ባንድ ማዕድ ዙሪያ ሁሉንም አዩዋቸው። በዓይናቸው አዩዋቸው።

እግዚአብሔር ይመስገን!

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። እናንተ ደግሞ ዝም ብላችሁ ታሪክ ሰምታችሁ ልትሄዱ ነበር፤ አውቃችኋለሁ።

ሞተራችሁ የስንት ፈረስ ነው?

አንዳንዶቻችሁ ባለ መቶ ሃምሳውን አስራችኋል። ሰርጋችሁን ለማን ነው የለካችሁት? ቤታችሁን፣ መኪናችሁን፣ የልጃችሁን ትምህርት ቤት? ዳር ለቆመው ሰው አይደለም? እሱ እኮ አይሳፈርም! ብትሰምጡም እዚያው ቆሞ ነው የሚያያችሁ። ጀልባችሁ የማይችለውን ጭናችሁ ኋላችሁ ከብዶ እየሰመጠ ነው፤ እናንተ ግን «ይሄ ማነው?» የሚል ድምፅ ትጠብቃላችሁ።

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ትንሿን አስራችኋል። ጸሎታችሁ ለስድስት ሰው ነው። ጊዜያችሁ፣ ይቅርታችሁ፣ ፍቅራችሁ ለስድስት ሰው ነው። በጠዋት፣ ነፋስ በሌለበት ደስ እያላችሁ ትሄዳላችሁ፤ ታንጎራጉራላችሁ። «ምን ጎደለን?» ትላላችሁ። ዳር ላይ የቆመውን ወንድማችሁን «አንተን በሁለተኛ ዙር» ትሉታላችሁ። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ የአባታችን ጥሪ ለስድስት ሰው ነው እንዴ? ሁላችሁም ነው ያለው። ከልጆቹ አንዱን እንኳ በተረፈ ቦታ አልቆጠረም።

ደግሞም የምንኖረው ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። ዛሬ የሚበቃችሁ እምነት ነፋስ ሲመጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ለጸጥታው ጠዋት ብቻ አትለኩ! ለማዕበሉ የሚተርፍ ያዙ። ከእግዚአብሔር ዘንድ ጠይቁ፤ እሱ ጉልበት አይሰስትም። ሰው በኩራቱ ከሚሸከመው በላይ ያስራል፣ በስስቱ ከሚያስፈልገው በታች ያስራል። ጌታ ግን የሚጫነውን ያውቃል። አክስት ብርቄን ጭምር መዝኗል!

የሚከብዳችሁን ሰው አሰባችሁ? አስቡት። ስሙን እኔ አላውቀውም፤ እናንተ ታውቁታላችሁ። ተጣልታችሁ ይሆናል። ችግሩ በዝቶ ሰልችቷችሁ ይሆናል። ሲደውል ስልኩን የምታዩትና የማታነሡት ሰው ነው። «አሁን አልችለውም፣ በኋላ» ያላችሁት ሰው።

ያ ሰው ክብደት ነው፤ አልዋሻችሁም። ግን ያለ እሱ ብትደርሱ፣ በአባታችን ማዕድ ላይ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ሲታይ ምን ልትሉ ነው? ስለከበደኝ ተውኩት ልትሉ ነው?

አትተዉት። ማዕበሉን አሸንፋችሁ እልል እያላችሁ ከእሱ ጋር ግቡ። አሁን ተነሥተን እንጸልያለን፤ ከዚያም ከዚህ በር ስትወጡ፣ ቤት ሳትደርሱ፣ መንገድ ላይ ቆማችሁ ደውሉለት። ብዙ አትናገሩ። «ቦታ አለህ» በሉት።